ዐሥራ አንድ ቀን በደሃና

በሕይወቴ ለእረፍት የሄድኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዐሥራ አንድ ቀን ቆየሁ። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ወንድሜ ዓብዱልቃድር አምስቱን ገና አልደፈነም። ዘመኑ ሰባ ሰባት፣ ወሩ የካቲት ነው።

የሰቆጣ ትምህርት ቤታችን ለዓመቱ አጋማሽ ሁለት ሳምንት ሲዘጋ፣ ከክፍላችን ለእረፍት ሄዳ የምታውቅ አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ የጤና ረዳቱ ልጅ። ደሴ ደርሳ መጥታ፣ ቤት በቤት ላይ ተሠርቶ አየሁ ትለን ነበር። ፊት ለፊት ውሸታም እላታለሁ፤ ብቻዬን ስሆን ግን አምናታለሁ። ስለዚህ እናቴ ዓሲያ አንድ ማለዳ ጸጉሬን እየጎነጎነች፣ እናንተም ለእረፍት ደሃና ጋሽ ብዙነህ ቤት ትሄዳላችሁ ስትለኝ፣ ጉንጉኑ ሳያልቅ ከእጇ አምልጬ ለጎረቤት ልናገር ወጣሁ። ሁለት ቤት እንኳ ሳላዳርስ ደርሳብኝ ጆሮዬን ይዛ መለሰችኝ። ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ አለችኝ። የሰው ዓይን እንዳያገኘን መስሎኝ ነበር።

ጋሽ ብዙነህ የአባቴ የገበያ ወዳጅ ነው። አባቴ ያሲን ጨውና ሳሙና ጭኖ ደሃና ሲወርድ እሱ ቤት ያድራል፤ እሱ ሰቆጣ ሲመጣ ሱቃችን ውስጥ በጨው ጆንያ ላይ ይተኛል። እኛ እንድንሰማው የማይፈልጉትን በኽምጣኛ ያወሩታል። በዚያ ሰሞን ብዙነህ አህያ ሳያስከትል፣ ዱላውን ብቻ ይዞ መጣ። መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ ሱቃችን ባዶ ስለነበር ጨው የሚሉት ነገር ራሱ አልነበረም፤ በባዶው ጆንያ ላይ ተቀምጠው ከዙሁር እስከ ዐሥር በኽምጣኛ ተነጋገሩ። ቁጥሩን ብቻ በአማርኛ ነበር የሚሉት። "አራት።" "ሁለት።" ደግሞም "እኩል ለእኩል።" በመጨረሻ አባቴ እጁን ዘረጋና፣ እንግዲህ መቀናጆ ማለት ነው አለ።

መቀናጆን በእኛ አገር የማያውቅ ልጅ የለም። አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው አንድ በሬ ብቻ ካለው ጋር ያጣምድና በየተራ ያርሳሉ። አባቴ ገበሬ ሊሆን ነው ብዬ ደስ አለኝ። በሬያችንን ግን የት እንደምናስረው ጨነቀኝ፤ ግቢያችን ጠባብ ነበር።

የተነጋገሩትን የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው። የእርዳታ ስንዴ የሚሰፈረው በነፍስ ወከፍ ነበር፤ ያውም ለተመዘገበ ገበሬ እንጂ ለከተማ ነጋዴ አይደለም። የብዙነህ ቤት በመዝገቡ ላይ አራት ነፍስ ነው፤ ከአራቱ ሁለቱ ልጆች በክረምቱ ሞተዋል። የአራት ሰው ስንዴ ለመውሰድ አራት ሰው ሜዳው ላይ መቆም አለበት። አባቴ ደግሞ ሁለት ልጆች ነበሩት፤ መዝገብ አልነበረውም።

ከመሄዳችን በፊት በነበረው ከሰዓት በኋላ አባቴ የሱቁን በር ዘጋና የጨርቅ መለኪያውን እንጨት እንደ ሹም በብብቱ ሸጎጠ። ጨዋታ ነው አለን። ድምፁን አወፍሮ ዓብዱን ስምህ ማነው አለው።

"ዓብዱ።"

"አይደለም። ወልደ ኢየሱስ ነህ። የማን ልጅ ነህ?"

"ያንተ!" አለና ዓብዱ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለለ።

መጀመሪያ አባቴም አብሮት ሳቀ። ሁለተኛ ጊዜ ሲሳሳት ፈገግ ብቻ አለ። በሦስተኛው በእንጨቱ መዳፉን መታው። እናቴ ከጓዳ ብቅ አለች፤ አየችን፤ ተመልሳ ገባች። ዓብዱ እያለቀሰ አሁንም ያንተ አለ። ያኔ አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

"አንቺ ታላቅ ነሽ፤ አስጠኚው። ማንም ይጠይቀው፣ መልሱ አንድ ነው። እኔ ራሴ መጥቼ ብጠይቀው እንኳ።"

ሳድግ አስተማሪ እሆናለሁ እል ስለነበር ሥራውን ወደድኩት። ደንቡንም ራሴ አወጣሁ። ሲሳሳት ክንዱን ከውስጥ በኩል፣ ቆዳው የሚሳሳበት ቦታ ላይ እቆነጥጠዋለሁ። ሲያገኘው ራሴን እነቀንቅለታለሁ። ጎበዝ ብዬ በአፌ እንዳላሞግሰው ሰው ይሰማናል።

ያን ቀን ሳይመሽ አባቴ ከሱቁ መደርደሪያ ጥቁር ክር አወረደ። ለጥምቀት ሰሞን ለክርስቲያኖቹ የሚሸጠው የማተብ ክር ነው። በአንገታችን ልክ ሁለት ቦታ ቆረጠው። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር።

መንገዱ ሁለት ቀን ፈጀ። ዓብዱ በአህያዋ ላይ፣ እኔ ከኋላ። ከወዲያ የሚመጣው ሰው ማለቂያ አልነበረውም፤ ልጅ ያዘለ፣ ቁርበት የተሸከመ፣ ሽማግሌ የሚደግፍ። አንዳንዱ ዛፍ ሥር ተኝቷል። ዓብዱ፣ እነዚህም ለእረፍት ነው የሚሄዱት ብሎ ጠየቀ። አባቴ አዎ አለው። ሰቆጣ እንዲህ የሚጓጉላት ከተማ መሆኗን አላውቅም ነበር፤ ኮራሁ።

ብዙነህ አፋፉ ላይ ጠበቀን። እግሬ አብጦ ሳነክስ አይቶ፣ ነጋዴ ሲራመድም መንገዱን ይመዝናል መሰለኝ ብሎ አሾፈብኝ። አባቴ ውሃ ብቻ ጠጥቶ፣ በዐሥራ አንደኛው ቀን እመጣለሁ ብሎ በዚያው ተመለሰ። ሲሄድ ወደ ኋላ አልዞረም። የሚቸኩል መስሎኝ ነበር።

የብዙነህ ሚስት ጥሩሐረግ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሴት ነበረች። ከጎረቤት አዲስ ቅል ለምና አምጥታ የእናንተ ነው አለችን፤ በእነሱ ዕቃ በልተን ሃይማኖታችን እንዳይጎድፍ። ሥጋ የሚባል ነገር በአገሩ ስላልነበረ፣ በመብል የሚለያየን ሌላ ነገር አልነበረም። ከዚያ ከግድግዳው መስቀያ እንጨት ላይ የታጠበ ቀሚስና እጀ ጠባብ አወረደች። ቀሚሱ ለእኔ ተለክቶ የተሰፋ ይመስል ነበር። እጀ ጠባቡን ለዓብዱ ስታለብሰው አፍንጫዋን ጸጉሩ ውስጥ ከታ ብዙ ቆየች። ክሩንም ያሰረችልን እሷ ነች።

"ማንጠግቦሽና ወልደ ኢየሱስ የት ናቸው፣ እቴቴ?" አልኳት። ስማቸውን ከጥናታችን አውቀዋለሁ።

"ሄደዋል" አለች።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ተለዋውጠን ነው። እኛ እዚህ ስንመጣ እነሱ ለእረፍት ሰቆጣ ሄደዋል። ማንጠግቦሽ አሁን በእኔ መደብ ተኝታ፣ በእኔ እርሳስ በደብተሬ ላይ ትጭራለች፤ እናቴ ጸጉሯን ትጎነጉንላታለች። ንዴቱ እንቅልፍ ነሳኝ። በማግስቱ ከግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ የተሸጎጠች የጨርቅ አሻንጉሊት አገኘሁ፤ ዓይኖቿ በቀይ ክር የተሰፉ ናቸው። የማንጠግቦሽ መሆኗን ስላወቅሁ ምድጃው ውስጥ ከተትኳት።

ጥሩሐረግ ከደጅ ገብታ አየች። በባዶ እጇ ከፍሙ አወጣቻት። ከግማሽ በላይ ነዳለች። እኔን ግን አልመታችኝም፤ አልተቆጣችኝም። ከዚያ ቀን በኋላ ቅሉን ስትሰጠኝ እንኳ ዓይኗን ከእኔ ላይ አታሳርፍም ነበር። የምታየው ዓብዱን ብቻ ሆነ።

ልጆቹ ያሉት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከቤታቸው አንድ ጥሪ በሚያህል ርቀት ላይ ነበር። በየጠዋቱ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ መንገዷን ለምን በዚያ በኩል እንደምታዞር ያን ጊዜ ገርሞኝ ነበር፤ ምንጩ በሌላ በኩል ነው።

ጥናቱን አላቋረጥኩም። ጠዋት ከቤቱ ጀርባ፣ ከሰዓት ከአጥሩ ካብ ላይ። ዓብዱ በሦስተኛው ቀን ስሙን ያዘ፤ በአምስተኛው የአባቱን ስም ያዘ። ክንዱ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣቦች በረድፍ ወጥተው ነበር፤ እጀ ጠባቡ ይሸፍናቸዋል። ጥሩሐረግ ደግሞ ማማተብ አስተማረችው። እግሯ መሃል አስቀምጣው ትንሿን እጁን ከግንባሩ ወደ ደረቱ፣ ከግራው ወደ ቀኙ ትመራዋለች፤ ጆሮው ሥር የሆነ ነገር በኽምጣኛ ትለዋለች፤ ይስቃል። እቅፏ ውስጥ መተኛት ጀመረ። በስድስተኛው ቀን ማንም ሳይጠይቀው እማ ብሎ ጠራት። ቁንጥጫዬ ሠራ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁለት።

የምዝገባው ዕለት መኪና እስከሚደርስበት ሜዳ ድረስ ግማሽ ቀን ወረድን። ሰልፉ መጨረሻው አይታይም። ከሌላ አገር የመጣ ካኪ የለበሰ ካድሬ በጠረጴዛ ተቀምጧል፤ አጠገቡ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ምንዋጋው መዝገብ ይዞ ስም ይጠራል። የብዙነህ ቤት፣ አራት ነፍስ አለ። ቀና ብሎ አየንና ቶሎ ዓይኑን ወደ መዝገቡ መለሰ። ምንዋጋው የሞቱትን ያውቃል፤ ቀብራቸው ላይ ቆሟል። በዚያ መዝገብ ከተጻፉት ስንቱ መቃብር ውስጥ እንደነበሩ እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ዝም ማለቱ ደግነት ነበር።

ካድሬው እኔን ጠየቀኝ፤ መለስኩ። ዓብዱን ጠየቀው፤ መለሰ። መልሶ ሲጨርስ ወደ እኔ አየ። ራሴን ነቀነቅሁ። ስንዴው ተሰፈረልን። ቤት ስንደርስ ጥሩሐረግ በጣሳ እያካፈለች፣ አንዱን ለእኛ አንዱን ለእናንተ እያለች በሁለት ስልቻ ከተተችው። የእኛን ስልቻ ከበሩ በስተቀኝ አቆመችው።

ቀጥሎ የመጣው ትእዛዝ ብርድ ልብስ ይታደላል የሚል ነበር። ስንዴ የወሰደ ሁሉ ከነቤተሰቡ ይምጣ፤ አንድ ሰው የጎደለበት ቤት ከመዝገብ ይሰረዛል። ቀኑ ዐሥራ አንደኛው ቀን ላይ ዋለ። ብዙነህ አባታችን እስኪመጣ እንቆይ ብሎ ትንሽ አመነታ። ጥሩሐረግ በኽምጣኛ አጠር ያለ ነገር ተናገረችው። ሄድን።

ብርድ ልብስ አልነበረም። ሦስት የጭነት መኪናዎችና ብዙ ወታደሮች ነበሩ። እኛ ሜዳው ውስጥ ከገባን በኋላ ወታደሮቹ ዙሪያውን ቆሙ። ካድሬው ድንጋይ ላይ ወጥቶ ስለ ሰፈራ ተናገረ። ሣሩ ሰው የሚውጥበት፣ ዝናቡ የማያቋርጥበት፣ በትራክተር የሚታረስበት አገር ነው ወደ ምዕራብ የምትሄዱት አለ። ሴቶች መጮህ ጀመሩ። ትራክተር አይቼ ስለማላውቅ ለምን እንደሚጮኹ አልገባኝም። እረፍቱ የሚራዘም መሰለኝ፤ የጤና ረዳቱ ልጅ ደሴን ነው ያየችው፣ እኔ ከደሴም ላልፍ ነው።

አባቴ የመጣው ያኔ ነው። ቤቱን ባዶ አግኝቶ አህያዋን እየነዳ ወርዷል። ከወታደሮቹ ወዲያ ቆሞ በዓይኑ ሲፈልገን አየሁት። ፊቱን ሳይ ማንጠግቦሽም፣ ጥናቱም፣ ትራክተሩም ከራሴ ጠፉ። አባ ብዬ ሮጥኩ፤ በአንድ ወታደር ክንድ ሥር ሾልኬ እግሩ ላይ ተጠመጠምኩ። ሳሙና ሳሙና የሚሸተው ኮቱ ውስጥ ፊቴን ቀበርኩ።

ካድሬው አስጠራው። አባቴ በአንድ እጁ እኔን እንዳቀፈ ፊቱ ቆመ።

"ጌታዬ፣ እነዚህ ልጆች የእኔ ናቸው። ያሲን እባላለሁ፣ የሰቆጣ ነጋዴ ነኝ። ለእረፍት ነው የመጡት።"

"ለእረፍት" አለ ካድሬው ወደ ወታደሮቹ ዞሮ። "በዚህ ዓመት። ደሃና።" ወታደሮቹ ሳቁ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አንገቴ ላይ ያለውን ክር በጣቱ ስቦ፣ "ስንዴ ሲሰፈር የብዙነህ፣ መኪና ሲመጣ የያሲን? የእስላም ልጅ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ማተብ የሚያስረው?" አለ።

ከአባቴ በፊትም ከእኛ ወዲያም ብዙ ሰው ልጄ ነው፣ ወንድሜ ነው እያለ ይለምን ነበር። ካድሬው ሁሉንም ሰምቷል። አባቴ ስለ ስንዴው ቢናገር ብዙነህም እሱም ይታሰራሉ፤ ምንዋጋው ከሁለቱም የባሰ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ ፋቲሐን ቅሪ አለኝ። ቁርአን ቤት ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ። አንድ ፊደል ሳልስት እስከ መጨረሻው ቀራሁ። ከወታደሮቹ አንዱ ሳያስበው አሚን አለ።

ካድሬው ያንን ወታደር ትንሽ አየው። ከዚያ ለምንዋጋው፣ ሴቷን ሰርዛት፣ የዚህ ሰው ናት አለው። ምንዋጋው በማንጠግቦሽ ላይ መስመር አሰመረ።

"ወንዱስ?" አለ ካድሬው።

ዓብዱ የጥሩሐረግን ቀሚስ ይዞ ቆሟል። ምንዋጋው ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። አንዱ የውሸት ስም ከተገኘ ሌላው ሁሉ ሊመረመር ነው። "ወንዱ የብዙነህ ነው" አለ። "ክርስትና ሲነሣ ነበርኩ።" እውነቱን ነው፤ የሟቹ ክርስትና ላይ ነበረ።

ካድሬው ብዙነህን ልጅህ ነው ወይ ብሎ ጠየቀው። ብዙነህ መሬት መሬቱን አየ። የመለሰችለት ጥሩሐረግ ነች።

"የማህፀኔ ልጅ ነው" አለች።

ብዙ ዓመት ፈርታ ነው ስል ኖሬአለሁ። አሁን እንደዚያ አላምንም። ድምፏ የፈራ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ ቀኝ እጇም፣ ያ ቃጠሎው ገና ያልሻረው እጇ፣ በዓብዱ ደረት ላይ ተዘርግቶ ነበር።

አባቴ ወደ ዓብዱ ጠቆመ። "ልጁን ጠይቁት" አለ። "ልጅ አይዋሽም። ራሱን ጠይቁት።"

ካድሬው ከድንጋዩ ወርዶ ዓብዱ ፊት ቁጢጥ አለ። ደግ ሰው ይመስል ነበር ያን ጊዜ።

"ስምህ ማነው?"

"ወልደ ኢየሱስ።"

"የማን ልጅ ነህ?"

ዓብዱ አባቴን አየው። አባቴ በዓይኑ ይለምነው ነበር፤ ግን ሱቁ ውስጥ እንጨት ይዞ የጠየቀውም ያው ሰው ነው፣ ያን ዕለት መልሱን ስቶ መዳፉን ተመትቷል።

"የብዙነህ" አለ ዓብዱ። ማንም ሳያዘው አማተበ፤ ከግንባሩ ወደ ደረቱ፣ ከግራው ወደ ቀኙ፤ አልተሳሳተም። ከዚያ ወደ እኔ አየ።

ራሴን ነቀነቅሁ።

ልጅ ስለነበርኩ ነው እላለሁ፤ ደንቡ ደንብ ስለሆነ ነው እላለሁ። ሁለቱም እውነት ነው። ግን ሌላም አለ። የአባቴ ክንድ በዙሪያዬ ነበር፤ ለብቻዬ ነበር። ዓብዱ ቢመጣ አህያዋ ላይ የሚቀመጠው እሱ፣ ከኋላ በእግሬ የምከተለው እኔ ነበርኩ። ይህን ያን ጊዜ አላሰብኩትም ብል እዋሻለሁ።

ካድሬው ተነሣና ሰማህ አለው አባቴን። አባቴ ወደ ዓብዱ ሲራመድ ወታደር በሰደፍ ሆዱን መታው። ካድሬው ወደሚቀጥለው የሚለምን ሰው ዞረ። ጥሩሐረግ ዓብዱን አቅፋ ወደ መኪናው ወጣች። ከላይ ሆኖ እጁን አወዛወዘልኝ፤ መኪና ላይ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው፣ ደስ ብሎታል። ብዙነህ የመጨረሻ ሆኖ ሲወጣ ከአባቴ አጠገብ ቆም ብሎ በኽምጣኛ አንድ ነገር ተናገረ። ምን እንዳለው አባቴ የነገረኝ ሊሞት ሲል ነው። ድርሻህ ከበሩ በስተቀኝ ነው ብሎት ነበር።

ደርግ ከወደቀ በኋላ አባቴ ወደ ሰፈራው አገር ሦስት ጊዜ ተመላልሷል። ብዙነህና ጥሩሐረግ በመጀመሪያው ክረምት በወባ መሞታቸውን ነገሩት። ልጁን የሚያውቅ አልነበረም። ዓብዱልቃድር ብሎ ቢጠይቅ ማንም አላወቀም፤ ወልደ ኢየሱስ ብሎ ሲጠይቅ በዚያ ስም የሚጠሩ ሁለት አመጡለት፤ ሁለቱም እሱ አልነበሩም።

ያን ቀን ከሜዳው ወደ ብዙነህ ቤት ወጣን። ደጁ ክፍት ነበር። አባቴ ስልቻውን አህያዋ ላይ ጫነ፤ የእነሱንም ጫነው። በላዩ እኔን አስቀመጠኝ። አህያዋን ከኋላ እየነዳ በሁለት ቀን ሰቆጣ አደረሰኝ።

እናቴ ከደጅ ቆማ ነበር። መጀመሪያ እኔን አየች፤ ከዚያ አህያዋን፤ ከዚያ ከአህያዋ ኋላ ያለውን መንገድ። አባቴ አፉን ሳይከፍት እኔ ቀደምኩ። ዓብዱ ምንም አልተሳሳተም አልኳት፤ እኔ ነኝ ያስጠናሁት።

ሦስት ቀን ስንዴውን አልነካችውም። በአራተኛው ቀን ቆላችው። ለእኔ በቅል ሰጠችኝ፤ ትንሽ ቆይታም ሌላ ቅል ሞልታ አጠገቤ አስቀመጠች፣ የእሱንም አንቺው ብይው አለችኝ።

በላሁት።